ከስማችን ጎን ስላለችው ኮከብ

ለ፦ ከድልድዩ ማዶ ላለው ሊግ የውድድር ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ጉዳዩ፦ ሁለተኛ ወጥተው ሁለተኛ ሳይባሉ ስለመቅረት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የኮሚቴዎ አባላት፣ ጸሐፊዎ፣ የማኅተምዎ ቀለም፣ ማኅተሙ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ሳይቀር በደህና መክረማቸውን ብሰማ ደስታዬ ወደር አይኖረውም። እኔ፣ ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ተጣልቶ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰን ወዲህ ደግሞ ወገቤ ከወንበር ጋር ተኳርፎ፣ ቆሜ ስዞር ከመዋሌ በቀር ደህና ነኝ።

እኔ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ክለብ የሜዳ ሠራተኛ ነኝ። ሣር አጭዳለሁ፣ መረብ እጠግናለሁ፣ በየጨዋታው ዋዜማ ገመድ ወጥሬ በኖራ መስመር አሰምራለሁ፤ የበሩም ቁልፍ ከወገቤ አይወርድም። ትምህርቴ ከእጅ አይሞላም። ስለዚህ እዚህ ደብዳቤ ላይ ቃል ቢዛነፍብኝ እንደ ደግ ዳኛ አይተው እንዳላዩ ይለፉኝ። መስመር ተዛነፈብህ የሚለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ለእርስዎ ከመድረሱ በፊት ፀጉር ቤቱ በር ላይ ስለሚለጠፍ ነው። ነገሩን የማያውቅ አላፊ አግዳሚም ያነበዋልና ከሥሩ ልጀምር። ከእኛ ከተማ ተነሥቶ በገዛ አገራችን ሊግ ወደሚጫወት ወደ ቅርቡ ክለብ ለመድረስ አውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከእኛ ሜዳ እስከ እናንተ አገር ግን አንድ ድልድይ ብቻ ነው፤ በእኔ እግር አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ። በዚህ ምክንያት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሁለቱ ፌዴሬሽኖች ተፈራርመው ክለባችን በእናንተ ሊግ እንዲጫወት ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ተጫወትን። አብዛኛውን ጊዜ ተሸነፍን፤ ስንሸነፍ ማንነታችንን የጠየቀን የለም። ዘንድሮ ሁለተኛ ወጣን። በሊጉ ደንብ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወደ አህጉሩ የክለቦች ውድድር ያልፋሉ። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው እኛ ነን። ያለፈው ግን ሦስተኛው ነው።

ነገሩ ይኸው ነው። የተሳታፊዎቹ ዝርዝር ዓርብ ይዘጋል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። እዚህች ድረስ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ብድግ ብዬ ሜዳውን ዞሬ መጥቻለሁ፤ የሚሠራ ነገር ኖሮ አይደለም። አሁን ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር የሌለው ነገር አይነበብም ሲሉ ሰምቻለሁና።

አንደኛ። የደብዳቤዎ የመጀመሪያ መስመር «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ሁለተኛው መስመር «ይሁን እንጂ» ብሎ ይነሣል። ደስታንና መርዶን በአንድ ፖስታ አጣጥፎ መላክ ከባድ ጥበብ ነውና አደንቃለሁ። ደብዳቤውን ለተጫዋቾቹ ያነበበው አምበሉ ነው። አምበሉ ልጄ ነው፤ ሰው «ግድግዳው» ይለዋል፣ የኋላ ተከላካይ ስለሆነ። ቀን ቀን ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይበይዳል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሐኪሙ ጉልበቱን በእጁ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «ከዚህ በኋላ አንድ የውድድር ዘመን ከቸረህ አመስግነው» ብሎታል። እንግዲህ መልበሻ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ፤ ልጆቹ ጮሁ፣ ጫማ ወደ ጣሪያ ወረወሩ። ከዚያ «ይሁን እንጂ» አለ። ቀሪውን በዓይኑ ጨረሰ። ወረቀቱን አጥፎ ለእኔ ሰጠኝና «ቀሪው ያው ነው» ብሎ ፎጣውን አንሥቶ መታጠቢያ ገባ። የወረወሩትን ጫማ የለቀምኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ። ሁለተኛውን የዘለልኩት ረስቼው አይደለም፤ የእርስዎን አቆጣጠር ተከትዬ ነው። በእናንተ ሊግ ከአንደኛ ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛ መሆኑን ተምሬያለሁ። የተዘለለውም ሁለተኛ ቢሆን የራሱ ጊዜ አለውና ይቆየን።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ በር ነው። ደብዳቤዎ «ክለባችሁ የሌላ ፌዴሬሽን አባል ስለሆነ ሊጋችንን ወክሎ መሳተፍ አይችልም» ይላል። መልካም። ራሴ ድልድዩን ተሻግሬ ቢሮአችሁ ድረስ መጣሁ። መነጽሯን በክር አንጠልጥላ የምትሠራው ጸሐፊዎ በአክብሮት ተቀብላኛለች፤ ምስጋናዬ ይድረሳት። «አባት፣ እናንተ እኮ እኛ ጋ ትጫወታላችሁ እንጂ የእኛ አይደላችሁም» አለችኝ። «ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቤትሽ የሚመላለስ ሰው ምንሽ ነው? ቤተሰብ ነው እንግዳ?» አልኳት። አሰበችና «እንግዳ» አለች። «እንግዳ ከሆነማ ማዕድ ቀድሞ የሚቀርበው ለእሱ ነው» ስላት ሳቀች፤ መሳቋ የሥራ ሰዓት መሆኑን አስታወሳትና ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ «የአገር ውስጥ ክለብ» አንዱ «የውጭ ክለብ» ይላል። ሁለቱም ላይ ምልክት አደረግሁ። «አንዱን ብቻ ነው፣ አባት» ብላ መለሰችልኝ። በራሴ እስክሪብቶ ከጎናቸው ሦስተኛ ሣጥን ሠርቼ እሱ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሣጥኔ ከእናንተ ሁለቱ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር፤ መዝገብ ቤት ካለ ይመልከቱት።

ከዚያ ለገዛ ፌዴሬሽናችን ስልክ ደወልኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ቢባልም፣ ባል ባል ነውና ልሞክር ብዬ። ሙዚቃ አሰሙኝ፤ ጥሩ ሙዚቃ ነው፣ ሦስት ጊዜ አደመጥኩት። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ድምፅ አነሣው። «አባባ፣ በአህጉሩ ውድድር የአገራችንን ቦታ የሚወስደው የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነው» አለኝ። «ታዲያ እኛስ ለጥሎ ማለፉ ለምን አንመዘገብም?» አልኩት። «ለጥሎ ማለፉ የሚመዘገበው በሊጋችን የሚጫወት ክለብ ነው፤ እናንተ ደግሞ የእነሱ ናችሁ» አለ። «እነሱም የእናንተ እንደሆንን ነው የሚነግሩን» ስለው «እንግዲህ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ» ብሎ ወደ ሙዚቃው መለሰኝ። ለአራተኛ ጊዜ አደመጥኩት።

ፀጉር አስተካካያችን ራዲዮ ሲያዳምጥ የሚውል ሰው ነው፤ የእኔን ራስ እየላጨ የዓለምን ነገር ይነግረኛል። በሌላውም ዓለም በጎረቤት አገር ሊግ የሚጫወት ክለብ አለ አለኝ። አንዳንዱ በተጫወተበት ሊግ ባገኘው ደረጃ ያልፋል። አንዳንዱ ደረጃው አይቆጠርለትም፣ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በዋንጫ ጨዋታ መንገድ ይፈልጋል። «ሁለቱም በር የተዘጋበት ቤት ግን» አለ ምላጩን አንገቴ ላይ አቁሞ፣ «ቤት አይባልም፣ ሽማግሌው። ምን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ።» ምላጭ አንገቴ ላይ ስለነበር አልመለስኩለትም። ለእርስዎ ግን በትሕትና ላስረዳ፤ እኛ በየትኛው በር እንግባ ብለን አልተጣላንም፤ የፊቱም ይሁን የኋላው በር፣ ጎንበስ ብለንም እንገባለን። የምንጠይቀው አንዱ እንዲከፈት ብቻ ነው። ከሁለት ያጣ መሆን ለአንድ ሰው ይበዛል፤ ለአንድ ከተማማ እንዴት ይሆናል?

በነገራችን ላይ ከቢሮአችሁ ስመለስ ድልድዩ መሐል ላይ ቆሜ የድንበሩን ነጭ መስመር አየሁት። ስንት ዓመት ስረግጠው ኖሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ጠማማ ነው፣ ክቡር ሆይ። የቀባው ሰው ገመድ አልወጠረም። በቀኝ በኩል ወደ እናንተ፣ በግራ በኩል ወደ እኛ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መስመር የቅጣት ምት ክልል ላይ ባሰምር ዳኛው ጨዋታ አያስጀምርም፤ እናንተ ግን በእሱ ሁለተኛን ከሦስተኛ ለያችሁበት።

አራተኛ። ትናንት ሰኞ ሁለተኛ ደብዳቤዎ ደረሰን። በእኛ ቦታ ያለፈው ክለብ ሜዳው ሣሩ ተነቅሎ እየታደሰ ስለሆነ፣ የአህጉሩን ጨዋታ የሚያደርገው በእኛ ሜዳ ላይ እንዲሆን ትጠይቃላችሁ። «በሊጋችን ካሉት ሜዳዎች ሁሉ የተሻለው» ብላችሁታል። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠጣሁት ሣር እንዲህ ሲመሰገን በሕይወት ቆይቼ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤ የውጭ ሰዎች ነበርን፤ በሁለተኛው ደብዳቤ ሣራችን ዜግነት አግኝቷል። የሚረግጡት ልጆች ብቻ ናቸው ወረቀት የጎደላቸው። ሣር ቢሆኑ ኖሮ ያልፉ ነበር ማለት ነው።

የዚያ ክለብ የሜዳ ሠራተኛ የድሮ ወዳጄ ነው። ያው ትናንት ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ አፍሬ ነው የደወልኩት። ግን ሥራ ነውና፣ ያን ቀን መስመሩን ማን ያሰምረው? አንተ ወይስ እኔ?» አለኝ። «ሁለተኛ የወጣው ያሰምር» አልኩት። ከዚያ «እሺ፣ አንተ አሰምር» አለ። ክቡር ሆይ፣ ከአሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት ያጣሁትን ፍርድ ከአንድ ሣር አጫጅ በስልክ አገኘሁት። አሥራ ሁለተኛ ወንበር ካላችሁ ያስቡበት።

አሁን ደግሞ ተነሥቼ መጣሁ። ቧንቧው ያንጠባጥብ መስሎኝ ነበር፤ አያንጠባጥብም።

ሁለተኛ። ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው።

ሟች ባለቤቴ የተማረች ነበረች፤ እኔ አይደለሁም። ሰኞ ሰኞ የስፖርት ጋዜጣው ሲወጣ የደረጃ ሰንጠረዡን በመቀስ ቆርጣ ወጥ ቤታችን ቁምሳጥን በር ላይ ትለጥፍ ነበር። ከዚያ ጣቴን ይዛ ከላይ እስከ ታች ታስነብበኛለች። ፊደል የቆጠርኩት በዚያ በር ላይ ነው። እስከ ዛሬም ሌላውን ጽሑፍ እያነከስኩ ባነበው፣ የደረጃ ሰንጠረዥ ግን እንደ ውኃ ነው የምጠጣው። የማን ስም በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ እኔን ማስተማር አይቻልም ለማለት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ሰኞ ከስማችን ጎን ትንሽ ኮከብ ታየች። ከሌላው ክለብ ጎን የለችም። ባለቤቴ ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችውና «አየህ፣ ዐወቁን» አለች። በዚያ ዓመት አንድም ቀይ ካርድ አላየንም ነበርና፣ ለጨዋነታችን የተሰጠ ነው ብለን ተስማማን። ፀጉር አስተካካዩም ተስማማ፤ ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ከተስማማ ደግሞ ማን ይከራከራል? ማሊያ የምታጥበው እሷ ነበረችና፣ ቢጫ ክር አስገዝታ በሃያ ሁለቱም ማሊያ ላይ፣ ከአርማው በላይ፣ ኮከብ ጠለፈችበት። አዳዲስ ማሊያ በተገዛ ቁጥር ትጠልፍበታለች። አራት ዓመት ሆናት ካረፈች፤ ያሁኑን ማሊያ የጠለፈችው ታማ አልጋ ላይ ተደግፋ ነው።

እሷ ካረፈች በኋላ ሰንጠረዡን የምቆርጠው እኔ ሆንኩ፤ እሷ በምትቆርጥበት መቀስ፣ እሷ በምትቆርጥበት መስመር፣ የሰንጠረዡን ጠርዝ ተከትዬ። ደብዳቤዎ ሲደርስ ግን ፀጉር ቤት ሄጄ ያልተቆረጠ ሙሉ ጋዜጣ አየሁ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከሰንጠረዡ ሥር፣ መቀሳችን አሥራ አንድ ዓመት በላዩ ሲያልፍ የኖረው ቦታ ላይ፣ እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል አንድ መስመር አለ፤ ኮከብ ያለበት ክለብ ሊጉን ወክሎ በአህጉራዊ ውድድር አይሳተፍም ይላል። እስከ ዘንድሮ ከአምስተኛ በላይ ወጥተን አናውቅምና የጠየቀን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውርደታችንን ደረታችን ላይ ጠልፈን በሜዳችሁ ስንሮጥ የእናንተ ዳኞች አይተዋል፣ ማሊያ የሚመረምሩት ሰዎቻችሁ ፈርመዋል፤ አንድም ሰው «እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ኮከብ እኮ ሽልማት አይደለችም» አላለንም። የሰው ደስታ እንዳይበላሽ ብላችሁ ከሆነ ደግነታችሁን እግዜር ይክፈላችሁ።

አሁን ሁሉም ዐውቋል። ባለፈው ድልድዩን ስሻገር የሦስተኛው ክለብ ደጋፊዎች ከኪዮስኩ አጠገብ ተቀምጠው «አባባ፣ ኮከባችሁ እስከ የት ታበራለች?» አሉኝ፤ መልሱንም ራሳቸው በኅብረት «እስከ ድልድዩ» አሉ። ግጥሙ ባይሰምርም ዜማው ደህና ነው።

ልጄ የማሊያውን ከረጢት ተሸክሞ ቤት መጣ። «አባዬ፣ ኮከቦቹን እናውልቃቸው። እየሳቁብን ነው» አለ። ልክ ነው ብዬ ያንኑ መቀስ አመጣሁ፤ ከእሱ ማሊያ ልጀምር ብዬ ገለበጥኩት። በጀርባው በኩል ስፌቱን አየሁት። ሁለት ሁለት ጊዜ አድርጋ ነው የሰፋችው፣ ጫፉንም በቋጠሮ አስራዋለች። «እናትህ ይህን የሰፋችው እንዲወልቅ አይደለም» አልኩት። እሱም ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ ማሊያውን ከእጄ ወስዶ አጣጥፎ ከረጢቱ ውስጥ አስገባው። ሲያጣጥፈው ኮከቧን ወደ ላይ አድርጓታል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። እኛ ኮከቧን አናወልቅም፤ እርስዎ ከግርጌ ያለችውን አንዷን መስመር ይሰርዙልን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን እንግዲህ አይተነዋል፤ እርስዎ ግን ሞኝ አይደሉም ብዬ በሰው ፊት ተከራክሬያለሁ፤ አያሳፍሩኝ። መሰረዙ ከከበደ ከገዛ ፌዴሬሽናችን ጋር አንድ ጠረጴዛ ከብባችሁ ከሁለታችሁ የማን እንደሆንን ወስኑና ንገሩን። እሱም ከከበደ ከሦስተኛው ክለብ ጋር አንድ ጨዋታ አጫውቱን፤ ያሸነፈው ይለፍ። ሜዳ አትፈልጉ፤ በሊጋችሁ ካሉት የተሻለው ሜዳ የት እንዳለ ጽፋችሁልናል። ልጄ አንድ የውድድር ዘመን ነው የቀረው፤ እሱን ደግሞ ኮሚቴ አያራዝመውም።

ጨዋታው የማንም ቢሆን መስመሩን ቀጥ አድርጌ አሰምራለሁ፤ ሣሩ ምን በደለ? ቁልፉ ግን እስከ ዓርብ ወገቤ ላይ ነው። ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሜ ድልድዩን እመለከታለሁ፤ እንደነገርኩዎ መቀመጥ አልሆነልኝም።

በሊጋችሁ እንድንጫወት ስለፈቀዳችሁ፣ ስንሸነፍ ነጥባችንን ሳትሳሳቱ ስለቆጠራችሁልን፣ ሣራችንን ስላከበራችሁልን፣ ደብዳቤያችሁንም በእንኳን ደስ አላችሁ ስለጀመራችሁልን እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ። ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎም ጽኑ እግር እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት* ጋር፣

ከድልድዩ ወዲህ ያለው ክለብ የሜዳ ሠራተኛና ቁልፍ ያዥ፣
የግድግዳው አባት፣
የጠላፊዋ ባል

ግልባጭ፦
— ለገዛ ፌዴሬሽናችን፤ ሙዚቃው ሲያልቅ እንዲያነበው
— ለፀጉር ቤቱ በር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ቆርጠው ቢሮዎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ካሰኘዎ፣ እባክዎ መቀስዎን ከዚህች ከመጨረሻዋ መስመር በታች ያሳልፉት። እኛ የተጎዳነው ከላይ ቆርጠን ነው።

* ይህ ምልክት ያለበት አክብሮት በሰንጠረዡ ላይ ይቆጠራል፤ ድልድዩን ግን አይሻገርም።